የገበሬ ቤት ቢቆፈር ምን ይገኛል? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። እኔ ከሦስት ሰው ደርሶኛል። የሚያወራው በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ስለምትገኝ ዋረም ፐርሲ ስለምትባል የጠፋች መንደር ነው። ጸሐፊው ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ እንግሊዞች 40 ዓመት ሙሉ የድሃ ገበሬ ጎጆ ሲቆፍሩ ኖሩ። ያገኙት ገልና አጥንት ነው። ስለ ገበሬው ማወቅ የሚፈልግ ሰው መዝገብ ያንብብ። መንደሯን ያጠፋት ወረርሽኝ እንደሆነ ድሮም ይታወቃል። የሙታን አጥንት ማውጣት ደግሞ ነውር ነው። ከዚያ ወደ አገራችን ይመጡና፣ አክሱምና ላሊበላ እያሉን የገበሬ ኦና የምንቆፍርበት ምክንያት የለም ብለው ይጨርሳሉ።

ጸሐፊውን አከብራቸዋለሁ። በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉት። ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ቦታውን ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። ያደግኩትም ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር በሚያድሩበት ቤት ነው፤ ያ ቤት ዛሬ የለም፤ ቦታው ታርሶ ጤፍ ይዘራበታል። ስለዚህ "የገበሬ ቤት የሚቆፈር ነገር የለውም" ሲባል እኔን ይመለከተኛል።

ከቤቱ ልጀምር። ጸሐፊው የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ገበሬ ቤት በየ20 ዓመቱ የሚወድቅ ደሳሳ ጎጆ ነበር፣ ስለዚህ የሚጠና ነገር የለውም ይላሉ። ይህን ከራሳቸው አላመጡትም። መጀመሪያ ያሉት ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ቁፋሮውን ለረጅም ዘመን ከመሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ጆን ኸርስት ነበሩ። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአንዱን ቤት መሬት ሲገልጡ፣ የግድግዳ መሠረት በሌላ የግድግዳ መሠረት ላይ ተደራርቦ አገኙ። አንዳንዱ ከቀድሞው ጋር አቅጣጫው እንኳ አይገጥምም። እና ገበሬው አንድ ትውልድ እንኳ የማይቆይ ደካማ ቤት እየሠራ፣ ሲፈርስበት ሌላ ይሠራ ነበር አሉ። ይህ አባባል ለብዙ ዓመት በመጻሕፍት ሁሉ ተደገመ። ጸሐፊው ያነበቡት ይህንን ይመስለኛል።

ግን ነገሩ እዚያ ላይ አላበቃም። በ1989 ስቱዋርት ራዝሜል የተባሉ ተመራማሪ ያንኑ የቁፋሮ ሥዕልና መዝገብ እንደገና አውጥተው አዩት። አዲስ ጉድጓድ አልቆፈሩም። ያዩት ነገር ግን ሌላ ነበር። ጣራውን የሚሸከመው ግድግዳው አይደለም። ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ፣ ጫፋቸው ላይ የሚገናኙ ትላልቅ ጎባጣ ግንዶች ናቸው የሚሸከሙት፤ ግንዶቹ ደግሞ ድንጋይ ላይ ነው የሚያርፉት። ግድግዳው መሸፈኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ሲያረጅ ይነሳና ሌላ ይተካል፤ ቤቱ ግን አይፈርስም። ለትውልድ የሚቆም፣ አናጢ ያረፈበት ቤት ነበር ማለት ነው።

በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። የእኛ ቤት ግድግዳ በክረምት ዝናብ ሲቦረቦር እንደገና ይመረግ ነበር። አንዳንዴ ማገሩም ይቀየራል። ምሰሶው ግን ያው ነው። አያቴ ያን ቤት ስንት ጊዜ እንዳስመረገችው አላውቅም፤ ለእሷ ግን ጎጆ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ አንድ ቤት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ ሦስት የግድግዳ መስመር ቢያገኝና "እዚህ ሦስት ቤት ፈርሷል" ቢል፣ ተሳስቷል። ኸርስት የተሳሳቱት እንደዚያ ነው። ስህተቱ ሊታረም የቻለው ደግሞ እያንዳንዱ ድንጋይ ባለበት ቦታ ተስሎ ስለተቀመጠ ነው። ጸሐፊው "ምን አተረፉ?" ይላሉ። ስለ አንድ አገር ገበሬ በሙሉ በየመጽሐፉ ሲደገም የኖረ የተሳሳተ ሐሳብ ተቀየረ። ለእኔ ይህ ትልቅ ትርፍ ነው።

"ገልና አጥንት ብቻ" የሚለው ደግሞ ትክክል አይደለም። የበር ማጠፊያ ተገኝቷል። ቁልፍና ቁልፍ የሚገባበት ብረት ተገኝቷል። ቆም ብለው ያስቡት፣ የሚቆለፍ በር ያለው ሰው የሚሰረቅ ንብረት አለው። የባሕር ዓሣ አጥንት ተገኝቷል፤ ባሕሩ ከመንደሯ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ይህ ገበሬ ገበያ ይወጣ ነበር፣ ወይም ነጋዴ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። የእንዝርት ማክበጃ፣ የወፍጮ ድንጋይ፣ ቢላዋ፣ የሸክላ ዕቃ አለ።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ዕቃ አይደለም። የቤቱ መሬት ነው። ወለሉ መሐሉ ላይ ጎድጉዶ ነው የተገኘው። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? መጥረግ ነው። በየቀኑ፣ ዓመት ከዓመት፣ ከትውልድ ትውልድ በመጥረጊያ ሲጠረግ አፈሩ እየተነሳ እየተነሳ ሄዶ መሬቱ እንደ ገበታ ጎደጎደ። "የመካከለኛው ዘመን ገበሬ ከከብቱ ጋር በቆሻሻ ውስጥ የሚኖር ነው" ሲሉ ለኖሩት ሁሉ መልሱ ይኸው ወለል ነው። አዎ፣ ከከብቱ ጋር ይኖር ነበር። ቤቱ ረጅም ነው፤ በአንድ ጫፍ ሰውና ምድጃ፣ በሌላው ጫፍ ጋጣ። በሩ መሐል ላይ ነው። ግን ይጠረግ ነበር። ከእናቴ ጋር ጎህ ሳይቀድ ጋጣ የጠረገ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ለጸሐፊው ማስረዳት እፈልጋለሁ። አንድ ሰነድ ላይ እንኳ ያልተጻፈች ሴት፣ ስሟን ማንም የማያውቃት፣ እጇ መሬቱ ላይ ቀርቷል።

ወደ ሰነዱ ልምጣ። ጸሐፊው "መዝገብ እያለ መቆፈር ለምን?" ይላሉ። ይህን ቁፋሮ የጀመሩት ሰው ማን እንደሆኑ ግን አልነገሩንም። ሞሪስ ቤረስፎርድ ይባላሉ። አርኪዮሎጂስት አልነበሩም። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ መምህር ነበሩ፤ ሙያቸው መዝገብ ማንበብ ነው። በ1940ዎቹ እንደ ጆን ክላፋም ያሉ ትልልቅ ምሁራን በእንግሊዝ አገር የጠፋ መንደር ብርቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቤረስፎርድ መዝገቡንና ካርታውን ይዘው ሜዳ ለሜዳ ዞሩ። በሣሩ ላይ የቤትና የመንገድ ቅርጽ አዩ። ዋረም ፐርሲን በ1948 አገኟት። በ1950 አካፋ ይዘው ገቡ፤ ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ይህች መንደር መቼ ባዶ ሆነች? ዛሬ በእንግሊዝ ከ3,000 በላይ የጠፉ የመካከለኛው ዘመን መንደሮች ይታወቃሉ። ብርቅ ነው የተባለው ነገር ማለት ነው። ይህን ያመጣው መዝገብ የሚያነብ ሰው መዝገቡ የማይበቃው መሆኑን አምኖ ጫማውን ጭቃ ማስነካቱ ነው።

መዝገብ የሚጽፈው ማን እንደሆነም እናስብ። ግብር የሚሰበስበው ነው። የርስቱ ጌታ ጸሐፊ ነው። ስንት ቤት፣ ስንት ማረሻ፣ ስንት ወፍጮ፣ ስንት ይከፈላል የሚለው ነው ጉዳዩ። ገበሬው ምን በላ፣ ልጁ ስንት ዓመት ጡት ጠባ፣ ቤቱን በምን ቀጥ አድርጎ አቆመው የሚለውን አይጽፍም። ባለፈው መቶ ዓመት እንኳ በእኛ አገር ስንት ባላገር ስሙ አንድ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር አለፈ? እና መዝገብ የሌለው ሰው አልኖረም ልንል ነው?

አሁን ወረርሽኙ። ይህ ነጥብ በጣም ያሳዘነኝ ነው፤ ምክንያቱም ስህተት ብቻ ሳይሆን ጥፋተኛውን ነጻ የሚያወጣ ስህተት ነው። ጥቁሩ ሞት በ1348 እና 1349 እንግሊዝን መታ። ዋረም ፐርሲም ሰው ሞተባት። ግን አልጠፋችም። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1368፣ 30 ቤት ሰው ይኖርበት ነበር። በ1458 ደግሞ 16 ቤት ተመዝግቧል። እየሳሳች ሄደች እንጂ በአንድ ክረምት አላለቀችም። የመጨረሻው ምት የመጣው ከወረርሽኙ 150 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ 1500 አካባቢ ነው። ያን ጊዜ የቀሩት አራት ቤቶች ነበሩ። የመሬቱ ጌታ ባሮን ሂልተን አስወጧቸው፤ ቤቶቹ ፈረሱ፤ አራቱ ማረሻዎች ቆሙ። መሬቱ የበግ ግጦሽ ሆነ። ሱፍ ያኔ ከእህል የተሻለ ያዋጣ ነበር። በ1517 መንግሥት መንደር የሚያፈርሱ ባለርስቶችን ሲመረምር ይህ ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው "ይኸው፣ መዝገብ በቃ" ሊሉኝ ይችላሉ። የ1517ቱ መዝገብ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን መዝገቡ የሚነግረን አራት ቤት መፍረሱን ነው። አራቱ የማን ቤቶች እንደነበሩ፣ የሌሎቹ ቤቶች ሰዎች ከዚያ በፊት በስንት ዘመን እንደሄዱ አይነግረንም። ይህን የነገረን በየቤቱ ቦታ የተለቀመው ገል ነው፤ የሸክላው ዓይነት ዘመኑን ይናገራልና። ወረርሽኝ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ወረርሽኝ ማንም አይጠየቅበትም። አራት አባወራ ከቀዬው ተነቅሎ በግ ሲተካ ግን የሚጠየቅ ሰው አለ።

"40 ዓመት ለሁለት ቤት" የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ቁጥሩ ከ1950 እስከ 1990 ስለሆነ ትክክል ነው። ሙሉ በሙሉ የተገለጡት የገበሬ ቤት ቦታዎችም ሁለት ናቸው። ግን ሰው 40 ዓመት ሙሉ ቀን ከሌት የቆፈረ እንዳይመስለን። በየዓመቱ ሐምሌ አካባቢ ለጥቂት ሳምንታት ነው። ቆፋሪዎቹም አብዛኞቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው ፈቃደኞችና ተማሪዎች ናቸው። በዚያ ላይ የቆፈሩት ጎጆ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የጌታውን ቤት፣ የወፍጮውን ኩሬና ግድቡን ጭምር ነው።

ቀስ ያሉበትም ምክንያት አለ። የዚያን ዘመን ልማድ ጠባብ ቦይ ቆፍሮ ግድግዳ መፈለግ ነበር። ለግንብ ይሠራል፤ ለገበሬ ቤት አይሠራም። የገበሬው ግድግዳ ጥልቅ መሠረት የለውም፤ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሥሩ ያለው መሬትም ያው ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው። በቦይ ቢቆፍሩት ቆራርጠውት ያልፋሉ እንጂ አያዩትም። ስለዚህ አክሰል ስቲንስበርግ ከተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪ የተማሩትን ዘዴ አመጡ። የቤቱን ቦታ በሙሉ ሣሩን ገፈው፣ አንድ ንብር ከአንድ ንብር እየለዩ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ እየሳሉ፣ እያንዳንዱ ገል የወደቀበትን እየመዘገቡ ወረዱ። በእንግሊዝ ይህ ዘዴ ከተለመደባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዷ ዋረም ናት። ዛሬ በየቦታው እንዲህ ነው የሚቆፈረው። እና በዚህ ቀስታ ምን አገኙ? ከአንዱ የገበሬ ቤት ሥር የ12ኛው ክፍለ ዘመን የጌታ ቤት የድንጋይ ምድር ቤት! ማንም አልጠበቀውም። ጌታው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር፣ የእሱ ግቢ የነበረው ላይ ገበሬዎች ቤት ሠሩ። ቤተ መንግሥት ብቻ ይቆፈር ለሚሉት ሰው፣ የጌታው ቤት የተገኘው ጎጆው ስለተቆፈረ መሆኑን ማስታወስ እፈልጋለሁ።

አሁን የአጥንቱ ጉዳይ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ብዙ አልራቅኩም። ሰው ተቀብሮ ያረፈበትን መክፈት ቀላል ነገር አይደለም። ከቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያንና ከአጥሩ ውስጥ ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ዐፅም ወጥቷል። ስሰማው እኔም ሰውነቴን ወረረኝ። የእኔ ሐሳብ፣ ከተጠና በኋላ ወደ መሬት ቢመለስ ደስ ይለኛል። ግን "ነውር ነው" ብሎ መዝጋት የእኛንም ባህል በትክክል አያሳይም። እኛ ዐፅም እናፈልሳለን። ቤተሰብ የአባቱን ዐፅም ከሩቅ አገር አምጥቶ በደብሩ ያሳርፋል። ዐፅም መንካት በራሱ አይደለም ነውሩ፤ ማዋረድ ነው።

እነዚያ ሰዎች ደግሞ በዐፅማቸው ብዙ ነገር ነግረውናል። የጥርስና የአጥንቱ ኬሚስትሪ እናቶች ልጆቻቸውን እስከ 18 ወር ገደማ ያጠቡ እንደነበር ያሳያል። የልጆቹ እድገት ቀርፋፋ ነው፤ የ14 ዓመት ልጅ ቁመቱ የዛሬን የ10 ዓመት ልጅ ያህላል። ረሃብና በሽታ ማለት ይኸው ነው፤ በየትኛው የግብር መዝገብ ይገኛል? ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረ፣ ዕድሜው ወደ 40 የሚሆን ሰው ራሱን በከባድ ነገር ተመትቶ ነበር። አንድ ሰው የራስ ቅሉን ከፍቶ የተሰበረውን አንሥቶለታል። አጥንቱ ድኗል፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ ኖሯል። የራስ ቀዶ ሕክምና፣ በገበሬ መንደር፣ ከ900 ዓመት በፊት ገደማ! እንዲህ ያለ ሕክምና ለባለጸጋ ብቻ ነበር የሚመስለን።

ጸሐፊው "አጥንት ቆርጠው ያቃጠሉ አረመኔዎች ናቸው" ብለው የጠቀሱት በ2017 የወጣውን ጥናት ነው። ጥናቱ ያየው ቢያንስ የ10 ሰዎች የሆኑ 137 አጥንቶችን ነው፤ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ናቸው። የቢላዋ ምልክትና የእሳት ቃጠሎ አለባቸው። ተመራማሪዎቹ ሰው ተበልቶ ይሆን ብለው ጠይቀዋል። ግን ምልክቱ የሚበዛው ሥጋ በሚለይበት መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን ራስና አንገት አካባቢ ነው። ስለዚህ የበለጠ የሚያሳምነው ሌላ ነው፦ የሞተ ሰው ተነሥቶ እንዳይመጣባቸው ፈርተው ያደረጉት ነው። ፍርሃት ነው እንግዲህ፤ በጣም ትልቅ ፍርሃት። የጥርሱ ምርመራ ደግሞ ሰዎቹ እንግዳ እንዳልነበሩ፣ እዚያው አካባቢ እንዳደጉ አሳይቷል። በየትውልዱ በተለያየ ጊዜ የሆነ ነገር ነው። እነዚህን ሰዎች በአንድ ቃል "አረመኔ" ብሎ ማለፍ አይገባም። ሙት ይነሣል የሚለው ፍርሃት በእኛም ሠፈር በልጅነቴ ማታ ማታ የሚወራ ነበር።

አንድ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ልሰጣቸው ይገባል። ውጤቱ ለሕዝብ እስኪደርስ በጣም ዘገየ ብለዋል። ዘግይቷል። የመጀመሪያው ዋና ቅጽ በ1979 ወጣ፤ የመጨረሻው፣ 13ኛው፣ በ2012። ኸርስት በ2003፣ ቤረስፎርድ በ2005 አርፈዋል፤ ሁለቱም የመጨረሻውን አላዩትም። ይህ ከባድ ነው። የሚቆፍር ሰው የሚያሳትምበትን ጊዜና ገንዘብ አስቀድሞ መያዝ አለበት። በዚህ አንከራከርም።

"እኛ አክሱምና ላሊበላ እያሉን" ለሚለው ግን አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። በምሥራቅ ትግራይ መዝበር የሚባል ቦታ አለ። ሐውልት የለውም። ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበሩ ገበሬዎች የኖሩበት መንደር ነው። ካትሪን ዳንድሪያ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪ የሚመሩት ቡድን ቆፈረው። ከተገኙት ነገሮች አንዱ የዶሮ አጥንት ነው፤ ከ2,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ በአፍሪካ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀደም ካሉት የሚመደብ። ዶሮ ወደ አገራችን በዚያ ዘመን መግባቷን የነገረን ሐውልት አይደለም፤ የገበሬ ቤት ነው። አክሱም ላይም ቢሆን በ1990ዎቹ የዴቪድ ፊሊፕሰን ቡድን የነገሥታቱን መቃብር ብቻ ሳይሆን ተራ የመኖሪያ ቤቶችንም ቆፍሯል። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ላሊበላን የወቀሩት ሰዎችም ማታ የሚገቡበት ቤት ነበራቸው፤ ምን በልተው ድንጋይ ሲወቅሩ እንደዋሉ ማወቅ አልፈልግም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጸሐፊው ሊያዩት ቢፈልጉ ዋረም ፐርሲ ዛሬም ክፍት ናት፤ መግቢያ አይከፈልም። መኪና ከሚቆምበት በእግር ቁልቁል ይወረዳል፤ ዝናብ ካለ ጭቃ ነው፣ ቦቲ ያስፈልጋል። ጣራ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ታች ሸለቆው ውስጥ ነው። ቤቶቹ ከላይ፣ ከሸለቆው አፋፍ ላይ ናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢሄዱ ይሻላል፤ ያኔ ጥላው ስለሚረዝም በሣሩ ሥር ያሉት የግድግዳ መስመሮች አንድ በአንድ ይወጣሉ። የቤቱን በር ቦታ ሳይቀር ያዩታል።